እዚህ አልመጣሁም

«ቶንሲል ነው እኮ እማዬ፤ ምንም አይደለም። አሁን እንኳ አይስክሬም እየበላ ነው። ምን? አይ፣ ላገናኝሽ አልችልም፤ አፉ ሙሉ ነው።»

ይህን የምትለው ወጣት ሴት በሆስፒታሉ የኋላ ደረጃ ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች፤ በሌላው እጇ ሶፍት አፍንጫዋ ላይ ይዛለች፣ ማልቀሷ እንዳይታወቅባት። የአምስት ዓመት ልጇ አይስክሬም አልበላም። ከእሷ አናት በላይ ባለው ፎቅ፣ በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ የሳንባ ምች ጥሎት ተኝቷል፤ በአፉ በገባው ቱቦ በኩል የሚተነፍስለት ማሽን ነው። ከተናገረችው ሁሉ እውነት የነበረው የልጁ አፍ ሙሉ መሆኑ ብቻ ነው።

ለጠዋት ተራ እየገባ የነበረ ነርስ ደረጃውን ሲወጣ ሰማት። ሊፍት አይጠቀምም፤ «ሊፍት አልጋ ላይ ላለ ሰው ነው» ይላል። ትከሻው በር የሚሞላ፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል ሰው ነው፤ በዚያ አካፋ እጅ ግን ከጣት በማይወፍር ክንድ ላይ መርፌ ሲተክል ሕፃኑ ከእንቅልፉ አይነቃም። በክፍሉ የቀሩት ነርሶች ሁሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወላጆች ሲጨንቃቸው ዞር ብለው ሳያዩ «ሲስተር!» ብለው ይጣራሉ፤ እሱም «አቤት» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያርማቸው ነበር። ኋላ ግን የጨነቀው ሰው የሚፈልገው መልስ እንጂ ስም አለመሆኑ ገባውና ተወው። እንዲህ እንዲህ እያለ «ወንዱ ሲስተር» የሚለው ቅጽል ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ጸደቀለት፤ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው በዚሁ ነው የምትጠራው።

ሴትዮዋ ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል አየችው። ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠች።

«ሰሙኝ አይደል?»

«ጆሮ በር የለው፣ ምን ላድርግ» አለና ከእሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ቁልቁል እንዳያያት።

ነገሩ ይህ ነበር። እናቷ ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመው ነበር፤ ሐኪሙ «ድንጋጤ አይስማማዎትም» ካላቸው ወዲህ በቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ ሳይሰሙ ነው የሚጠረገው። ልጁ ሲታመም ታላቅ ወንድሟ ሕግ አወጣ፦ ለእማዬ ቶንሲል ነው ይባላል፤ ጠዋትና ማታ ይደወላል፤ በስልክ ማንም አያለቅስም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከድንበር ወዲያ ሆኖ እየተመለሰ ነው፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ሕጉን የምትፈጽመው እሷ ብቻዋን ሆነች። ልጇ አጠገብ አታለቅስም፤ ተኝቶም ይሰማል ብለዋታል። በስልክ አታለቅስም። ወንድሟ ፊት አታለቅስም፤ ይቆጣል። የቀራት ይህ ደረጃ ነው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችው። «እናቴ የክፍሉን ስልክ አግኝታ ብትደውል፣ ቶንሲል ነው ይበሏት።»

«እሱን እንኳ አልልም፣ እህቴ። ውሸት አንዴ በዚያ በር ከገባ፣ ነገ 'ልጅሽ ተሽሎታል' ስልሽ አንቺም አታምኚኝም። እውነቱንም ግን እኔ አልናገርም፤ እሱ የአንቺ ነው። 'እናቱን ይጠይቁ' ብዬ እዘጋለሁ። ይበቃሻል?»

ጥቂት አሰበችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ተነሥቶ እጁን ሰጣት፤ ብድግ ስትል ሶፍቱን እጅጌዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ፊቷ ላይ የሥራ ልብስ እንደሚለብስ ሰው ፈገግታ ለበሰች። ያን ፈገግታ አልወደደውም።

የሕፃናቱ ክፍል ስድስት አልጋ አለው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ፣ በኮሪደሩ በኩል ትልቅ መስታወት። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው የሚሰማው የማሽን ጩኸት ብቻ ነው። ወንዱ ሲስተር ግን የትኛው ጩኸት እንደሚያስሮጥ፣ የትኛው ማሽኑ «አለሁ» ማለቱ ብቻ እንደሆነ ጀርባውን ሰጥቶም ያውቃል። ወላጆች ይህን አያውቁም፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥሩ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ሕፃናቱን መጠበቅ ሲሆን፣ ግማሹ የወላጆቹን ዓይን ከማሽኑ ነቅሎ ወደ ልጃቸው መመለስ ነው። በዚያን ጠዋትም ከአዳር ተረኛዋ ተረክቦ እንዳበቃ፣ በመስኮቱ በኩል የተኛችውን የአራት ወር ሕፃን አባት ዳይፐር መቀየር አስተማረው። አባትየው ግንበኛ ነው፤ ሽቦዎቹን ፈርቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር የሚቆመው። «ይቺ ሽቦ ብትነካት ምንም አትልም። ይቺኛዋ ግን ከተነቀለች እሮጣለሁ፤ እኔ ደግሞ ስሮጥ አላምርም» አለው። ግንበኛው ላብ በላብ ሆኖ ዳይፐሩን ሲጨርስ፣ ፎቅ ሠርቶ እንዳስረከበ ሰው ፈቀቅ ብሎ ሥራውን አየው።

«ዘንበል ብሏል» አለ።

«ይሁን፤ ነዋሪዋ አልተቃወመችም።»

ግንበኛው ሳቀ። ወንዱ ሲስተር እንዲህ ያለ ሳቅ ካገኘ ቀኑ ጥሩ ቀን ነው።

ዶክተሯ ዙር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቃል ስትናገር ከደሞዟ የሚቆረጥባት የሚመስል ሴት ናት። የሾፌሩን ልጅ ደረት አዳመጠች፤ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። «ሳንባው ጸድቷል። ማስተኛ መድኃኒቱን ቀንሱለት። ከሰዓት ሲነቃ በራሱ ከተነፈሰና ከተረጋጋ ቱቦው ይወጣል። ካልተረጋጋ መልሰን እናስተኛዋለን» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ወንዱ ሲስተር ለእናትየው ዘርዝሮ አስረዳት። ቱቦው መልካም ወዳጅ ነው፤ እንግዳ ሆኖ ሲቆይ ግን ይከብዳል፣ ሌላ በሽታም ይጋብዛል። ዛሬ ቢወጣ መልካም ነው። ለመውጣት ደግሞ ልጁ ሲነቃ መፍራት የለበትም፤ ከታገለ ማሽኑን ይታገላል፣ ትንፋሹ ይበላሻል። «እንግዲህ ከሰዓት አንቺ ታስፈልጊዋለሽ። አሁን ወደ ታች ውረጂ፣ ታጠቢ፣ ጎንሽን አሳርፊ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አላት። እያመነታች፣ በየሦስት እርምጃው እየዞረች፣ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ከመስታወቱ በር ውጭ አንዲት አሮጊት ቆመው አየ። ኮታቸው ተተኩሷል፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ወጥቶ ሰላም አላቸው።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ማንንም። እኔ እዚህ አልመጣሁም።»

«እሺ» አለ ወንዱ ሲስተር፤ በዚያ በር ላይ ከዚህም የባሰ ሰምቶ ያውቃል። «ካልመጡ ማን ልበል ታዲያ?»

«የቶንሲሉ ልጅ አያት በለኝ።»

ፊታቸውን አየው። የልጁ ግራና ቀኝ የወጡ ሰፋፊ ጆሮዎች እዚያው፣ ከሻሻቸው ስር ብቅ ብለው ነበር፤ ማስረጃ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ሰው ከሰው ሲያገናኙ ነው የኖሩት። «እኔው ያሳደግኋት ልጅ በድምፅ ልታታልለኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «አይስክሬም እየበላ ነው ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን ያስተጋባል። ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ አይስክሬም የሚበላው? ትናንት ደግሞ ከኋላዋ 'የጽኑ ሕሙማን ቤተሰብ' ብሎ ሰው ሲጣራ ሰማሁ። 'ደህና ይሁን' ብዬ ዘጋሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ታች ላለው ጥበቃ ለደም ግፊት ክትትል ነው ብዬ ገባሁ።» ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በደረጃው ስወጣ ልጄን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ተመልሼ በሊፍት ወጣሁ። ልጇ ስታለቅስ አይታ ዞራ የምትሄድ እናት አይተህ ታውቃለህ?»

 እጃቸውን አስታጥቦ፣ በክንዳቸው ይዞ ወደ ልጁ አልጋ ወሰዳቸው። በመጀመሪያ ወንበር አቀረበ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። ይኸኛው የሚተነፍስለት ነው። ይኸኛው ልቡን የሚያዳምጥ ነው። ይኸኛው ምግቡ ነው። አያትየው አልጮኹም፣ አልወደቁም። ዓይናቸው በለስላሳ ፋሻ ከአልጋው ጠርዝ ጋር የታሰሩት ትንንሽ እጆች ላይ ቆመ።

«ምን አጠፋ?» አሉ።

«ቱቦውን እንዳይነቅል ነው። ሲነቃ እፈታዋለሁ።»

ወንዱ ሲስተር የሳቸውን እጅ እንደ ማጽናናት ይዞ ጣቱን አንጓቸው ላይ አኑሮ ነበር። «ቁጠረው፣ ቁጠረው» አሉት ዞር ሳይሉ። «ከአንተ ሳይሻል አይቀርም።» እውነታቸውን ነበር፤ ልባቸው ቀስ ብሎ፣ ሳይዛነፍ ይመታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው የልጁን ጆሮ ስመው፣ ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። እሱም የሚያውቀውን ብቻ ነገራቸው፤ ከሰዓት ሊሞከር የታሰበውን፣ ከተሳካ ትልቁ አቀበት እንደሚያልቅ፣ ካልተሳካ ሌላ ቀን እንደሚሞከር። «ቃል ግን አልሰጥዎትም» አላቸው። «ቃል አልጠየቅሁም፤ መንገዱን ነው የጠየቅሁት» አሉ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከኮሪደሩ የወንድ ድምፅ ተሰማ። አያትየው እንደ ወጣት ብድግ አሉ። «ልጄ ነው፤ ትልቁ» አሉ። «እንዳያየኝ!» ወንዱ ሲስተር ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ በክፍሉ የኋላ በር አወጣቸውና የአንሶላ መጋዘኑን ከፍቶ አስገባቸው። ልባቸውን የታመሙ፣ ጡረታ የወጡ የተከበሩ እናት፣ በብርድ ልብስና በትራስ መካከል ቆመው በሩ ተዘጋባቸው። እሱም እንደ ዘበኛ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው በቀረበ አገልግሎቱ ሰው ሲደብቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወንድምየው ፀጉር አስተካካይ ነው። የሥራ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም፤ እህቱን ከታች አግኝቷት አብረው ነው የወጡት። «ግማሽ ጢሙን የላጨሁት ደንበኛ ወንበር ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ስለ ታችኛው ሻይ ቤትም አማረረ፤ ዋጋው ጨምሮ ብርጭቆው አንሷል። ከዚያ የእህቱን ፊት አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል ግን እንደ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሰፈሩ ይሰማዋል። «ይኸው ደግሞ አልቅሰሻል። ዓይንሽ አብጧል። ዛሬ ጠዋት ስትደውይላት ድምፅሽ ወፍራም ነበር አሉ?»

«ማን አለህ?»

«እሷው ናት። 'እህትህ ጉንፋን ይዟታል' አለችኝ። ስሚ፤ ማታ ስትደውይ ሳቅ በይ።»

«መሳቅ አልችልም፣ ወንድም ዓለም።»

«ቻይ! ለእማዬ ከተነገረ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው፤ ነገርኩሽ!»

 ወንድምየው ራሱ የተናገረው ቃል ያስደነገጠው ይመስላል፤ የእህቱን ትከሻ ያዝ አድርጎ ለቀቀ፣ በመስታወቱ የልጁን እግር ለጥቂት ጊዜ አየ፣ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። «ፀጉር ገብቶብኝ ነው» አለና ግማሽ ጢም ወደቀረው ደንበኛው ሮጠ። እህትየው ያንን ፈገግታዋን ለብሳ ወደ ልጇ ገባች።

ወንዱ ሲስተር መጋዘኑን ሲከፍት አያትየው ተዘበራርቆ የነበረውን መደርደሪያ ሙሉ አንሶላ አጥፈው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው ደርድረውታል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብሎ ደነገጠ፤ ለካ እየሳቁ ነበር። «ሁለት ሬሳ አለ?» አሉ። «አንዷ ሬሳ እዚህ አንሶላ ታጥፋለች በለው።» ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የያዙትን ትራስ እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት። «ማልቀስ ከለከላት? ለእኔ ያሰበ መስሎት ይሆናል። እኔ እኮ ቤት ሳለቅስ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይነግርባቸው ቧንቧ እከፍታለሁ። የውሃው ሒሳብ ሲመጣ እንጃ።»

«ይንገሯት ታዲያ። 'አውቄአለሁ' ይበሏት።»

«አይሆንም። እኔን እየጠበቀች ነው ቀጥ ብላ የቆመችው። እሱን ከነጠቅኋት ምን ትደገፋለች? አንተም ዋ! ቃልህን ስጠኝ።»

ቃሉን ሰጠ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ቱቦው መውጣቱን ሳይሰሙ እንደማይሄዱም ነገሩት። የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበር አመጣችላቸው። እሱ ወደ አልጋዎቹ ተመለሰ። እናት ደረጃ ላይ፣ አያት ቧንቧ ስር። ሁለቱም ለሌላዋ ሲሉ ብቻቸውን ያለቅሳሉ፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር፣ ደግነት ሆኖበት ነው የተቸገረው። ሁለት ሰው በሁለት ቃል አስሮታል። መድኃኒት ሲያዘጋጅ፣ ሲመዘግብ፣ የግንበኛውን ልጅ ሲያገላብጥ፣ ሐሳቡ እንደ ዝንብ እየዞረ እዚያው ያርፋል።

ከሰዓት ልጁ ነቃ። መጀመሪያ ሽፋሽፍቱ ተርገበገበ፤ ከዚያ ዓይኑ ተከፈተና ጣሪያውን አየ፣ መብራቱን አየ። ከዚያ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ባዕድ ነገር ተሰማው። እግሩን ወረወረ፤ የታሰሩትን እጆቹን ጎተተ፤ አፉ ተከፍቶ ይጮኻል፣ ቱቦው ድምፁን ስለያዘው ግን ጩኸቱ አይሰማም። ወንዱ ሲስተር በስሙ እየጠራ ግንባሩን ዳበሰው። እናትየው ጎንበስ ብላ «እዚህ ነኝ የኔ ጌታ፣ ምንም አይደለም፣ ምንም የለም» ትላለች፤ ያ ፈገግታ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ከላዩ ያሉት ዓይኖች ግን እንባ አቅርረዋል። ልጅ አይታለልም፤ ልጁ የእናቱን አፍ ሳይሆን ዓይኗን አየና የባሰ ፈራ። ማሽኑ የሚያስሮጠውን ጩኸት ጮኸ። ዶክተሯ መጣች፤ ቁጥሮቹን አየች።

«እንዲህ ከሆነ አናወጣም። አስተኙት፤ ነገ እንሞክራለን።»

እናትየው አልጋውን ያዘች። ፈገግታው እዚያው ላይ ቀረ እንጂ ከንፈሯ ነጣ።

«ዶክተር፣ ጥቂት ይጠብቁኝ» አለ ወንዱ ሲስተር። «አንድ ሰው ልጨምር።»

«አልጋ አጠገብ አንድ አስታማሚ ነው።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ሁለት ይሁን። ካልሆነ እርስዎ እንዳሉት እናስተኛዋለን።»

ዶክተሯ አየችው። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ነገር ለምኗት አያውቅም። «ካለቀሱ ሁለቱንም አስወጣለሁ» አለች።

መጋዘኑን ሲከፍት አያትየው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የማሽኑን ጩኸት ሰምተዋል። «ለማንም ምንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም» አላቸው። «ግን ልጁ ነቅቷል፣ ፈርቷል። ሁለት እጅ ነው ያለው። አንዱን እናቱ ይዛለች፤ ሌላውን የሚይዝ ሰው አጥቻለሁ።»

አያትየው እቅፋቸው ያለውን አንሶላ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት፤ መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ጎተት ጎተት አደረጉና «የትኛው እጅ ነው?» አሉ።

መጋረጃውን ከፍተው ሲገቡ እናትየው ቀና አለች። በአልጋው ማዶና ማዶ እናትና ልጅ ተያዩ። ማንም አልተነፈሰም፤ ከማሽኑ በቀር።  አያትየው ቦርሳቸውን እግራቸው ስር አስቀመጡ፤ የልጁን ግራ እጅ ያዙ።

«ቶንሲሉ እንዴት ነው?» አሉ።

«ቶንሲል?» አለች ዶክተሯ፤ ግራ ገብቷት ማኅደሩን ገለጠች።

የወጣቷ ፊት መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ከዚያ ስንት ቀን ተለጥፎ የቆየው ፈገግታ እንደ አሮጌ ቀለም ተላጠ፣ ከስሩ እውነተኛው ፊቷ ወጣ፤ የደከመው፣ የፈራው፣ ሳቅና እንባ አንድ ላይ የመጣበት። «እማዬ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አያትየው ግን ወደ እሷ አላዩም፤ ጊዜ አልነበረም። ፋሻውን ወንዱ ሲስተር ፈታላቸው፤ የልጁን የተጨበጠ እጅ አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ድምፃቸው ተለወጠ። የድሮ ሥራቸው ድምፅ ሆነ፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል።

«ሃሎ! ማዕከል ነው። ማንን ላገናኝዎ?»

የልጁ ዓይን ዞረ። ቤት ውስጥ ይህ ጨዋታ የሁለቱ ነው፤ አንድ ቀን ከዝሆን፣ አንድ ቀን ከፀሐይ ጋር ያገናኙታል። ሊመልስ አፉን አንቀሳቀሰ፣ ቱቦው ከለከለው፣ ፍርሃቱ ተመልሶ ሲመጣ ታየ።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ መስመሩ ተይዟል። እባክዎ ሳይናገሩ ይጠብቁ። ሳይናገሩ፤ እንደዚያ። ጎበዝ። የሚጠብቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። እኔ መስመር ላይ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

እግሩ መወራጨቱን ተወ። ደረቱ አንድ ጊዜ በኃይል ከፍ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ቀስ አለ፣ ከዚያም የበለጠ ቀስ አለ። እናቱም ቀኝ እጁን ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ እንባዋ በጣቶቹ መካከል እየወረደ «እኔም እየጠበቅሁ ነው» አለችው። አሁን እያለቀሰች ነበር፣ በግልጽ። ልጁም እንባዋን አየ፤ አልፈራም። ዶክተሯ የሚያለቅስ ሰው አስወጣለሁ ማለቷን ረስታ ወይም የረሳች መስላ ቁጥሮቹ ላይ አፍጥጣለች።

«አሁን» አለች።

ከዚያ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ወንዱ ሲስተር ፕላስተሩን ላጠ፤ አክታውን ሳበ፤ «ሳል የኔ ጀግና፣ በደንብ ሳል!» አለ፤ ቱቦው ወጣ። ልጁ ሳለ። ለቅጽበት ምንም አልሆነም፤ ሦስቱም ሴቶች ቆመው ቀሩ። ከዚያ ከዚያች ትንሽ ደረት፣ እንደ ዝገት በር የሚንቋረር ሻካራ ለቅሶ ወጣ። ወንዱ ሲስተር በሕይወቱ ብዙ ዘፈን ሰምቷል፤ ይህን የሚያህል አልሰማም። የኦክስጅኑን ጭንብል ፊቱ ላይ አደረገለት። ቁጥሩ ወረደ፣ አመነታ፣ መለስ አለ፣ ወጣ፤ እዚያው ጸና።

«ውሃ!» አለ ልጁ በሻካራ ድምፁ።

«አሁን አይቻልም፣ ትንሽ ቆይተህ።»

«ውሃ እኮ ነው ያልኩት!»

ተቆጥቷል። ግንባሩን ቋጥሮ አራቱንም በተራ ይገላምጣቸዋል። እናቱ ይህን ቁጣ ስታይ አልጋውን ዞራ እናቷ ትከሻ ላይ ወደቀች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በየደረጃው በጭልፋ ስትቀዳው የነበረው አሁን በእንስራ ወረደ። አያትየውም ቧንቧ አልከፈቱም። ወንዱ ሲስተር መጋረጃውን ጋረደላቸውና እርጥብ ስፖንጅ አምጥቶ የልጁን ከንፈር ማራስ ጀመረ፤ ልጁ ስፖንጁን ነክሶ አልለቅ አለ።

ሁለቱ ሴቶች ሲረጋጉ ጠብ ጀመሩ። «አንቺ ደግሞ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» «ከመጀመሪያው አይስክሬም።» «ታዲያ ዝም ትያለሽ?» «አንቺስ?» እንዲህ ሲነታረኩ የወጣቷ ስልክ ጠራ፤ ወንድሟ ነው። ድምፁ እስከ አልጋው ማዶ ይሰማል፦ እማዬ ስልክ አታነሣም፣ ሰው ልኬ ነበር፣ ቤትም የለችም፣ ምን ተፈጠረ፣ ነግረሻታል እንዴ! ወጣቷ መልስ ሳትሰጥ ስልኩን ለእናቷ አቀበለች።

«ሃሎ» አሉ አያትየው። «ሁለተኛዋ ሬሳ ነኝ። ማንን ላገናኝዎ?»

በወዲያኛው ጫፍ የተሰማው ከሩቅ የመላጫ ማሽን ሲንጫጫ ብቻ ነበር። ወደ ማታ ወንድምየው ራሱ መጣ። ልጁ በራሱ ሲተነፍስ፣ እናቱ በሕይወት ቁጭ ብለው ሲያይ፣ ያ ሕግ አውጪ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን ፊቱ ላይ አድርጎ በጣም አለቀሰ፤ ግንበኛው ከመስኮቱ በኩል መጥቶ ትከሻውን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ማንም ዝም በል አላለውም። እህቱ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሶፍት ሰጠችው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ልጅ ሳሉ እንደሚያደርጉት ትከሻ ለትከሻ ተገጥመው ቆዩ። ሲሄድ ለወንዱ ሲስተር «ፀጉርህን በነፃ ነው የምቆርጥህ፣ ዕድሜ ልክ» አለው። የወንዱ ሲስተር ራስ መላጣ መሆኑን ያስተዋለው ከተናገረ በኋላ ነው።

የማታ ተረኛዋ ስትመጣ ወንዱ ሲስተር ከማስረከቡ በፊት የመጨረሻ ዙሩን ዞረ። ጀርባውን ያመዋል፤ እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል፤ ቢሆንም በሆዱ ጠግቦ እንደበላ ሰው ያለ ሙቀት አለ። ሾፌሩ ድንበሩን ማለፉን ደውሎ ነግሯቸዋል። የልጁ መጋረጃ ግማሽ ተዘግቷል። እናትና አያት ሁለት ወንበር አገናኝተው፣ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የአያትየው አፍ ተከፍቷል፤ ሴት ልጃቸው ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሌሊት አልጋ አጠገብ የሚያድረው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ወንዱ ሲስተር አንዳቸውን ሊቀሰቅስ እጁን ዘረጋ። ያኔ ነው ልጁ ነቅቶ ማየቱን ያወቀው። ትራሱ ላይ ቀና ብሎ፣ አፍንጫው ስር የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ፣ እናቱንና አያቱን በተራ ይመለከታል፤ ቤቱን የሚጠብቅ አባወራ ይመስላል። የተዘረጋውን ትልቅ እጅ ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ወንዱ ሲስተር እጁን ሰበሰበ። ከመጋዘኑ የታጠፈ ብርድ ልብስ አምጥቶ ሁለቱን ሴቶች አለበሳቸው፤ መጋረጃውን ቀስ ብሎ ዘጋ፤ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወደ ተረኛዋ ሄደ።

«የዚያ አልጋ ታማሚ ሁለት ሰው እያስታመመ ነው» አላት። «አትረብሹት።»